ሥራውን ይሠራል፤ መሥሪያ ቤቱን ግን አያምንም

ጥያቄ፦ የ12 ሰው ቡድን እመራለሁ። ከመካከላችን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነባር ባልደረባ አለ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁኔታው ተቀይሯል። አዲስ ዕቅድ ሲቀርብ "ደግሞ መጡ" ይላል። ሥልጠና ሲባል ይስቃል። ኃላፊዎች የሚናገሩትን ሁሉ "ለይስሙላ ነው" ብሎ ያልፈዋል። የሥራ አፈፃፀም ውጤቱ ግን አልቀነሰም፤ የተሰጠውን በሰዓቱ ያስረክባል። ከበላይ "ሌላውን እያበላሸ ነው፣ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር" የሚል ግፊት መጥቶብኛል። እንዲህ ያለ ስሜት በእርግጥ የሥራ ውጤትን ይጎዳል? የሚጎዳ ከሆነስ ለምን በቁጥር አይታየኝም? ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ዝውውሩን ለጊዜው ያቆዩት። ሰውየው ቢሄድም እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ነገር እርስዎ ክፍል ውስጥ መቅረቱ አይቀርም።

ለዋናው ጥያቄዎ መልሴ አዎ ነው፤ ይጎዳል። ጉዳቱ ያለው ግን የአፈፃፀም መሙያ ቅጽዎ የማይጠይቀው ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ኃላፊዎች ምልክቱንና መንስኤውን ያምታታሉ። የሰውየው አፍ ከተዘጋ ችግሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ባለሙያዎች ይህን ዝንባሌ ሲኒሲዝም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጄምስ ዲን፣ ፓሜላ ብራንደስና ራቪ ዳርዋድካር የተባሉ ተመራማሪዎች ሦስት ነገሮችን ያቀፈ አድርገው ገለጹት። አንዱ እምነት ነው፤ "ይህ መሥሪያ ቤት ቅንነት የለውም፣ የሚለውና የሚያደርገው አይገናኝም" የሚል። ሌላው ስሜት ነው፤ ንዴት፣ ማፈር፣ አንዳንዴም መጸየፍ። ሦስተኛው ደግሞ በውጭ የሚታየው ነው፤ አሽሙር፣ ፌዝ፣ ስብሰባ ላይ ከጎን ከተቀመጠው ሰው ጋር መጠቃቀስ። እርስዎ የሚያዩት ይህን ሦስተኛውን ነው። አለቆችዎን ያናደዳቸውም እሱው ነው። ሥሩ ግን ያለው እምነቱ ላይ ነው።

ተመራማሪዎቹ ያሰመሩበት ሌላ ነገር አለ። ይህ ዝንባሌ ሰው ይዞት የሚወለደው ጠባይ አይደለም። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ካሳለፈው የሚመጣ ነው፤ የሚያየው ነገር ሲቀየርም አብሮ ሊቀየር ይችላል። እርስዎም "ካለፈው ዓመት ጀምሮ" ብለዋል። የሰውየው ጠባይ ቢሆን ኖሮ ድሮም እንዲሁ ይሆን ነበር። ዓምና አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። እስካሁን ማንም ምን እንደሆነ የጠየቀው አልመሰለኝም።

ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ ብዛትና ጫና የሚመጣ መታከትን አካቷል። በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው ያስቀመጠው። ከሦስቱ ምልክቶቹ አንዱ ሰው ከሥራው በአእምሮ መራቁ፣ በሥራው ላይ ተስፋ መቁረጡና ማጣጣሉ ነው። ሌሎቹ የጉልበት መሟጠጥና የብቃት ማነስ ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ሰው የሚያጣጥለው ሥራውን ራሱን ነው። ደንበኛውም፣ ሙያውም ያስጠላዋል። የእርስዎ ባልደረባ ግን፣ ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት፣ ጠቡ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ነው። ስለ ሥራው ሲያወሩት ፊቱ ይፈታ እንደሆነ ይዩ። አንድ አስቸጋሪ ነገር አምጥተው "ይህን እንዴት እናድርገው?" ይበሉት። ወንበሩን ስቦ ከተጠጋና እስክሪብቶ ካነሳ ሥራውን ገና ይወደዋል። እሱም ላይ ከቀዘቀዘ፣ ፊቱ ላይ ድካም ካለ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የሥራ ጫናውና ዕረፍቱ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ለዚያ አይሆንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የተሰጠን ሥራ በሰዓቱ ማስረከብ ብዙ ነገር የሚጠብቀው ነው። ሰው በሙያው ይኮራል፤ አበላሽቶ መገኘት አይፈልግም። ተቆጣጣሪ አለ። ደሞዝ አለ። አንድ ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን ምንም ያህል ቢታዘብ በሥራ መዘርዝሩ ላይ የተጻፈውን መሥራቱን አያቆምም። የሚያቆመው ያልተጻፈውን ነው። ጎረቤት ክፍል የተሳሳተ ፋይል ሲልክ ደውሎ መንገር፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሳይጠየቁ ማሳየት፣ "ይህ ነገር በሁለት ወር ውስጥ ችግር ያመጣል" ብሎ አስቀድሞ መናገር፤ እነዚህን ማንም አያስገድደውም፣ ቢተዋቸውም ማንም አይጠይቀውም።

አንድ ጊዜ ሳማክረው የነበረ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፈረቃ ርክክብ መዝገቦችን ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤያለሁ። በመካከሉ መዋቅር ተቀይሮ ነበር፤ ለሠራተኛው ተነግሮት የነበረውም አልተፈጸመም። ከመዋቅሩ በፊት የተጻፉት ርክክቦች ረጃጅም ነበሩ። "3 ቁጥር ማሽን ሲሞቅ ድምፅ ያሰማል፣ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን እዩት።" "የጠዋቱ ጭነት ሊዘገይ ይችላል፣ ሾፌሩ ደውሏል፣ ቀድማችሁ ቦታ አስለቅቁ።" እንዲህ ያሉ ናቸው። ከመዋቅሩ በኋላ የእነዚያው ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ገጽ በገጽ "ሁሉም ደህና" ይላል። ፊርማው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ቅጹ ተሞልቷል። የወሩ ሪፖርት ላይ "ርክክብ መቶ በመቶ ተካሂዷል" ተብሎ ነበር። ውሸት አልነበረም። ኃላፊዎቹ ግን የማሽን ብልሽት ለምን ድንገተኛ እየሆነ እንደመጣ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ቁጥሩ ላይ አይታየኝም ያሉት ይህንን ነው። በጥናትም የሚገኘው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ ጉዳይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ያሰላ ሥራ ወጥቷል። ሲኒሲዝም ከሥራ እርካታና ከመሥሪያ ቤት ጋር ካለ ቁርኝት ጋር ያለው ግንኙነት ጠንካራ ነው፤ ሲጨምር እነሱ ይወርዳሉ። ከተለካ የሥራ ውጤት ጋር ያለው ግን ከእነዚህ በጣም ደከም ያለ ነው። አንዳንዱ ይህን አይቶ "እንግዲያው ያን ያህል አይጎዳም" ይላል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። አብዛኛው የአፈፃፀም ምዘና የሚለካው ሰው ቢማረርም የማይተወውን ክፍል ነው። መለኪያው ያልደረሰበትን ጉዳት የለም ማለት አይቻልም።

ከሁሉ ይበልጥ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጆናታን ጆንሰንና አን ኦሊሪ-ኬሊ 103 የባንክ ሠራተኞችን አጥንተው ነበር። ጥያቄያቸው "መሥሪያ ቤቱ የገባልኝን ቃል አፍርሷል" ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ምን ይሆናል የሚል ነው። ቃሉ የግድ በጽሑፍ የሰፈረ አይደለም። "እዚህ ከለፋህ ታድጋለህ" የሚል፣ ማንም ሳይፈርምበት ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ዓይነት ነው። ያገኙት ነገር ሁለት መልክ አለው። የፈረሰው ቃል ሰዎቹን ያማርራል፤ ምሬቱም በተራው ስሜታቸውን ያደክማል፣ እርካታቸውንም ይቀንሳል። የሥራ ውጤታቸውና ከሥራ መቅረታቸው ግን በቀጥታ የተያያዘው ከፈረሰው ቃል ጋር ነው። ምሬቱ መካከል ገብቶ አላገናኛቸውም።

ይህን ቆም ብለው ያስቡበት። የሰውየውን ፌዝ ነገ ቢያስቆሙት፣ ቢቀጡት፣ ቢያዛውሩት፣ ሥራ ላይ የሚወርደው ጉዳት ባለበት ይቀጥላል፤ ምንጩ የፈረሰው ቃል ነውና። ያ ቃል ደግሞ ለእሱ ብቻ የተገባ ላይሆን ይችላል። ከቀሩት 11 ሰዎች ምን ያህሉ አብረውት እንደተጎዱ አያውቁም። እሱ ስለሚናገር ታየ፤ ዝም ያሉት አልታዩም።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስቀመጠው፣ ሰው አንድ ተቋም ሲያስከፋው ወይ ጥሎ ይሄዳል ወይ ይናገራል። ታማኝነቱ ጥሎ እንዳይሄድ ይይዘዋል። የእርስዎ ባልደረባ አልሄደም። መናገሩንም አልተወም። መድረኩን አጥቶ በፌዝ ነው የሚያወጣው። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድሮ ይከራከር የነበረና ዛሬ በሁሉ ነገር "ጥሩ ነው" የሚል ሰው ነው።

ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች የማይጠበቅ ግኝትም አለ። ሊን አንደርሰንና ቶማስ ቤትማን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን የተለያዩ የመሥሪያ ቤት ታሪኮች አስነብበው ምን እንደሚሰማቸውና ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁ። የሲኒሲዝም ስሜት የሚያድረው መቼ እንደሆነ መልሱ ግልጽ ነበር፦ የበላይ አመራሩ ክፍያ ከፍ ሲል፣ ድርጅቱ ሲከስር፣ ሠራተኛ ያለርኅራኄ በድንገት ሲባረር። ይህ ያደረባቸው ሰዎች ከግዴታቸው ያለፈ በጎ ነገር ለማድረግ ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ግን ደግሞ አለቃ ሥነ ምግባር የጎደለው ነገር አድርጉ ቢላቸው የመታዘዝ ፍላጎታቸውም ያነሰ ነበር። ጥናቱ የለካው ሐሳብን ነው፤ ሥራ ላይ የታየ ድርጊትን አይደለም፤ ከሚገባው በላይ አልወስደውም። ቢሆንም "እስቲ ይህን ቁጥር ትንሽ አስተካክልልኝ" ሲባል "አይሆንም" የሚል ሰው ከክፍልዎ ለማስወጣት ከመፈረምዎ በፊት ሁለቴ ያስቡ።

"ሌላውን እያበላሸ ነው" የሚለውንም አላጣጥለውም። ይህ ስሜት ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ በተለይ ወደ አዲስ ገቢዎች። የሚያፌዝ ሰው ነገሩ የገባው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦልጋ ስታቭሮቫና ዳንኤል ኤሌብራክት ይህንኑ ፈትሸዋል። ብዙ ሰው በሰው ልጅ የማያምነውን ሰው ብልህ አድርጎ ያየዋል። ከ30 አገሮች የተሰበሰበ ወደ 200 ሺህ ሰዎች የሚጠጋ መረጃ ግን ተቃራኒውን ነው ያሳየው፤ በችሎታ ፈተና የተሻሉት በሰው ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ያነሰ ነበር። ጥናቱ በአጠቃላይ በሰው ልጅ ላይ ስለሚኖር ጥርጣሬ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ስለሚኖር አይደለም። ግን የፌዘኛው ወንበር ለምን በአዲስ ሠራተኞች እንደሚከበብ ይነግርዎታል። አዲሱ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት "ጊዜህን አታቃጥል፣ እዚህ ምንም አይለወጥም" የሚል ምክር ከነባር ሰው ሲሰማ እንደ ውለታ ነው የሚቀበለው።

ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። አርኖን ራይከርስ፣ ጆን ዋነስና ጄምስ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1997 ስለዚህ ጽፈዋል። ሠራተኛው ያለፉት ለውጦች ሲከሽፉ አይቷል፤ ስለዚህ አዲሱንም አያምንም። ስላላመነ አያግዝም። ስላላገዘ ለውጡ ይከሽፋል። "አላልኳችሁም?" ይላል፤ እውነቱንም ነው። ኃላፊው ደግሞ "እነዚህ ሰዎች ለውጥ አይወዱም" ብሎ ይደመድማል። ቀጣዩን ዕቅድ ሠራተኛውን ሳያማክር ያወጣል፤ እሱም ይከሽፋል። እንዲህ እየዞረ የሄደ ቡድን ውስጥ ጥሩ ሐሳብ እንኳ ቢመጣ ገና ከበር ይመለሳል። ባልደረባዎ "ደግሞ መጡ" ሲል ስንተኛው ዕቅድ ላይ እንደሆነ ቆጥረው ያውቃሉ? ባለፉት ሦስት ዓመታት የታወጁትን ይጻፉና ከጎናቸው የት እንደደረሱ ያስፍሩ። አብዛኛው መስመር ባዶ ከሆነ ሰውየው ያጋነነው ነገር የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለብቻው ያናግሩት። ቢሮዎ ጠርተው ከጠረጴዛ ወዲያ አስቀምጠው አይሁን፤ ምዘና ይመስለዋል። "አስተሳሰብህን ቀይር"፣ "አዎንታዊ ሁን" አይበሉት። ይህን የሰማ ሰው ያለችውን ጭላንጭል እምነትም ይዘጋታል። እንዲህ ቢሉት ይሻላል፦ "ዓምና ብዙ ነገር ትሠራ ነበር። አንድ ነገር እንደተለወጠ ይታየኛል። ቃል ተገብቶልህ የቀረ ነገር አለ?" ከዚያ ዝም ይበሉ። መጀመሪያ ላይ "ኧረ ምንም የለም" ማለቱ አይቀርም። "ላስተካክለው እንደምችል ቃል አልገባም፤ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ" ይበሉት። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ስትከፍት አይቻለሁ። ምናልባት እድገቱ ለሌላ ተሰጥቶበታል። ምናልባት ያቀረበውን ሐሳብ ሌላ ሰው በስሙ አቅርቦታል። ምናልባት አብሮት የሠራ ጓደኛው ከሥራ የተቀነሰበት መንገድ አሳፍሮታል። ሲናገር አይከላከሉ። "እነሱም እኮ ምክንያት አላቸው" የምትለዋን ለሌላ ቀን ያቆዩ። የሚለውን ይጻፉ፤ ሲጨርስም መልሰው ያንብቡለት።

ከሰሙት ውስጥ በእርስዎ እጅ ያለ አንድ ነገር መኖሩ አይቀርም። እሱን በቶሎ ያድርጉት። ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ስሙ የተነጠቀበት ሐሳብ ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ የማን እንደነበር ይናገሩ። ከእጅዎ ውጭ የሆነውን ደግሞ ከእጄ ውጭ ነው ይበሉት። ሊፈጽሙት የማይችሉት አዲስ ቃል አሁን ከገቡ የመጨረሻው ይሆናል።

ለቡድኑ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ሚሼል ብራውንና ክሪስቲና ክሪጋን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ መረጃ የሚደርሳቸውና በውሳኔ የሚሳተፉ ሠራተኞች ለውጥ ላይ ያላቸው ምሬት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ቀጣዩን ዕቅድ ካለቀ በኋላ አያስተዋውቁ፤ ገና ረቂቅ ሳለ ያምጡት። የከሸፉትን ያንሱ፤ ለምን እንደከሸፉም በግልጽ ይናገሩ። ለባልደረባዎ "ይህ የት ጋ እንደሚሰበር አሳየን" የሚል ሥራ ይስጡት። ያቀረበውን ከተቀበሉ ይቀበሉ፤ ካልተቀበሉ ምክንያቱን ይንገሩት። አነቃቂ ተናጋሪ ጋብዞ አንድ ከሰዓት በጭብጨባ ማሳለፍ ግን ይቅርብዎ። ቃል ለፈረሰበት ሰው እንዲህ ያለው ዝግጅት ስድብ ነው የሚሆንበት።

ድንበርም ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱን መተቸት አንድ ነገር ነው፤ የአዲስ ሠራተኛን ሐሳብ በሰው ፊት ማሳቂያ ማድረግ ሌላ ነው። ይህን ሲያደርግ ካዩት በዚያው ቀን፣ ለብቻው፣ በግልጽ ይንገሩት። ተበድያለሁና ሌላውን ባዋርድ መብቴ ነው የሚባል ነገር የለም። መረጃ እያወቀ ደብቆ ሥራ ሲያበላሽ ካገኙትም ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ይሄዳል። ያኔ ዝውውር ቢነሳ አልቃወምም።

ለአለቆችዎ ሦስት ወር ስጡኝ ይበሏቸው፤ ምን እንደሚለኩም ይንገሯቸው። የሰውየውን ፈገግታ አይለኩ። ችግር ከመድረሱ በፊት ስንት ማስጠንቀቂያ ከቡድኑ እንደመጣ፣ ርክክቦች ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ አዲስ ሠራተኞች ሲቸገሩ ማን ጋ እንደሚሄዱ፣ ስብሰባ ላይ "ይህ አይሠራም" የሚል ድምፅ ከስንት ሰው እንደሚሰማ ይመዝግቡ። እነዚህ ከፍ ካሉ ባልደረባዎ ማሽሟጠጡን ሙሉ በሙሉ ባይተውም ሥራው እየዳነ ነው።

የፈረሰውን ቃል የገባው ከእርስዎ በላይ ያለ ሰው ሆኖ ከተገኘ፣ ዝውውሩን ወደሚጠይቁት ሰዎች ይዘውት ይሂዱ። በአንድ ገጽ ይጻፉት፦ ምን ተብሎ ነበር፣ መቼ፣ ምን ተደረገ። "ይፈጸማል ወይስ አይፈጸምም?" ብለው መልሱን በቀን ገደብ ይጠይቁ። መልሱ "አይፈጸምም" ቢሆንም እንኳ በዚያው ሳምንት ለባልደረባዎ ይንገሩት፤ ከነምክንያቱ፣ ሳያሳምሩ።